የማያንጠባጥበው ቀዳዳ፦ የመኪና መሪ እና የፊዚክስ ትምህርታችን

እንደሚታወቀው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጻሕፍት ከምናገኛቸው ሕጎች መካከል የፓስካል ሕግ በቀላልነቱ የሚወደድ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ የግፊት ጭማሪ ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ተማሪው ይህን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይይዛል፤ ትንሹንና ትልቁን ፒስተን ይሥላል፤ ኃይሉን ለስፋቱ ያካፍላል፤ ከፈተናም ሙሉ ነጥብ ይዞ ይወጣል። እኔም እንዲህ ካደረጉት አንዱ ነበርኩ። ከዚያም አልፌ ውጭ አገር ሄጄ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዤ ተመለስኩ፤ ይህንኑ ሕግ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለዓመታት አስተማርኩ። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በገዛ መኪናዬ ውስጥ በተስተጓጎለ ጊዜ ምልክቱን አይቼ ማንበብ አልቻልኩም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አባባል ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ገጠመኝ ተነስቼ ሁለት ነገሮችን ለማቅረብ እሞክራለሁ። አንደኛው፣ በዘይት ግፊት በሚታገዝ የመኪና መሪ ውስጥ አየር ሲገባ ምን እንደሚከሰት፣ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚወገድ ነው። ሁለተኛው አስተያየት ነው፤ ሕጎችን ሲሠሩ ብቻ እያሳየን ሲስተጓጎሉ ፈጽሞ የማናሳይ መምህራን ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ግማሽ ፊዚክስ ነው የሚል። ሁለቱ ጉዳዮች የተራራቁ ቢመስሉም በእኔ እምነት አንድ ናቸው።

መኪናዬ ስታቃስት

ነገሩ የጀመረው በክረምት ወር ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለችው መኪናዬ መሪዋ ሲጠመዘዝ ታቃስት ጀመር። ድምፁ ሞተሩ ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ለጥቂት ሳምንታት ሬዲዮኑን ከፍ እያደረግሁ አለፍኩት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ አደባባይ ስዞር መሪው ለአፍታ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ስጠመዝዘው ደግሞ ድንገት ለቀቀ። መኪናዋ ካሰብኩት በላይ ታጥፋ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ታክካ ቆመች። በዚያ ጠርዝ ላይ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አልነበረኝም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ወጣቱ ሠራተኛ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አየ። አንዲት ጠብታ ዘይት እንኳ አልነበረም። «ምንም አያፈስም፤ ስለዚህ ፓምፑ አልቋል» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አመክንዮው ትክክል መስሎኝ ነበር፤ የማያፈስ ነገር ቀዳዳ የለውም፣ ቀዳዳ ከሌለው ጥፋቱ ከመሣሪያው ነው። ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ ከፍዬ ፓምፑ ተቀየረ። ድምፁ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ወደሚያውቃቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰደኝ። ጋሼ፣ ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው፣ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ አነሱ። «ዶክተር፣ ዘይቱን ሞተሩ እየሠራ አይተውታል?» አላየሁም። «ሞተሩ እንደጠፋስ?» አላየሁም። የመሪ ዘይት መያዣውን ክዳን ከፈቱት። ሞተሩ እየሠራ ነበርና ውስጡ ያለው ዘይት ቀላ ብሎና ጠርቶ መታየት ሲገባው የማኪያቶ አረፋ መስሏል። «አሁን ሞተሩን ያጥፉና እዚህ ይምጡ» አሉኝ። አጥፍቼ ተመለስኩ። ማንም ሰው ጠብታ ሳይጨምርበት ዘይቱ በመያዣው ውስጥ ከፍ እያለ ሲመጣ በዓይኔ አየሁ።

«ዘይት አልጨመርንም። ታዲያ ምን ጨመረው ይላሉ?» አሉኝ ጋሼ።

ይህ የቃል ፈተና ነበር፤ ፈተናውም ከራሴ ትምህርት የወጣ ነው። ወዲያው መመለስ አለመቻሌን ዛሬም አልረሳውም።

መልሱ የቦይል ሕግ ነበር

በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት አንድ ፓምፕ ያሽከረክራል። ፓምፑ ከመያዣው ዘይት ስቦ በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ማርሽ ይልካል፤ አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን ጎማዎቹን በሚገፋው ፒስተን ቀኝ ወይም ግራ ያስገባዋል፤ ሥራውን የጨረሰው ዘይት ወደ መያዣው ይመለሳል። መሪው መሐል ላይ ሲሆን ግፊቱ ጥቂት ከባቢ አየር ብቻ ነው፤ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ግን ከ70 እስከ 100 ከባቢ አየር ሊደርስ ይችላል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ ይህን ዓይነት መሪ በመኪና ላይ ገጥመው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ በገበያ ላይ ለሚሸጥ አውቶሞቢል የቀረበው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል መኪና ነው። መላው ሥርዓት የቆመው በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ዘይት በቀላሉ አይታመቅም በሚለው።

አየር ግን ይታመቃል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳሳወቁት ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዝ ግፊትና ይዘት በተቃራኒ ይሄዳሉ። በሥርዓቱ ውስጥ 20 ሚሊሊትር አየር ተደብቋል እንበል። ሞተሩ ሲሠራ ይህ አየር ካለበት አካባቢ ያለው ግፊት አምስት እጥፍ ቢሆን አየሩ ወደ 4 ሚሊሊትር ይኮማተራል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ አየሩ ወደ 20 ሚሊሊትር ይመለሳል፤ 16 ሚሊሊትር ዘይትም ከቦታው ተገፍቶ ወደ መያዣው ይሄዳል። የመያዣው ወለል ስፋት 30 ካሬ ሳንቲሜትር ከሆነ የዘይቱ ከፍታ በ5 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ጋሼ ያሳዩኝ ይህንኑ ነው። ቀመሩን አያውቁትም ይሆናል፤ ምልክቱን ግን ከእኔ በተሻለ ያነቡታል።

ለስላሳ የሆነበትን ምክንያትም በቁጥር ማየት ይቻላል። ማዕድናዊ ዘይትን በመቶ 1 ለማመቅ 150 ከባቢ አየር ገደማ የሚደርስ ግፊት ያስፈልጋል። በተራ የከባቢ አየር ግፊት ያለን አየር በመቶ 1 ለማመቅ ግን የግፊቱ በመቶ 1 ጭማሪ በቂ ነው። በዚህ ስሌት አየር ከዘይት 15 ሺህ ጊዜ ያህል ይለሰልሳል። በመሆኑም በዝቅተኛ ግፊት ላይ ካለ ዘይት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ አየር ቢደባለቅ የድብልቁ ጥንካሬ ከመቶ ጊዜ በላይ ይወርዳል። ግፊቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አረፋው ተኮማትሮ ይጠፋና ዘይቱ ጥንካሬውን መልሶ ያገኛል። መሪው በአደባባዩ ላይ መጀመሪያ የከበደኝ፣ ቀጥሎም ድንገት የለቀቀኝ በዚህ ምክንያት ነው። ፓምፑ የላከው ዘይት መጀመሪያ አረፋውን ሲያምቅ እገዛው ዘገየ፤ አረፋው ታምቆ ሲያልቅ እገዛው በአንድ ጊዜ መጣ። በተለመዱት መኪኖች መሪና ጎማ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ እገዛው ቢጠፋም መሪው ጨርሶ አይበጠስም፤ አደጋው ያለው እጅ ያልጠበቀውን ክብደትና ቅለት በማግኘቱ ላይ ነው።

ማቃሰቱም የዚሁ አካል ነው። ከፓምፑ መግቢያ ዝቅተኛ ግፊት ላይ ያለ አረፋ በሰከንድ መቶኛ እጅ በሚቆጠር ጊዜ ወደ ከፍተኛው ግፊት ይገባና ይደረመሳል። በሺህ የሚቆጠሩ አረፋዎች በየዙሩ ሲደረመሱ ድምፅ ይሆናሉ፤ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞርም የድምፁ ቅጥነት ሞተሩን ይከተላል።

ዘይት የሚወጣበትና አየር የሚገባበት

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልመለስ። «አያፈስም፣ ስለዚህ ቀዳዳ የለውም» የሚለው አባባል ለምን ሐሰት ሆነ?

ፈሳሽም ሆነ ጋዝ የሚሄደው ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ነው። ከፓምፑ በኋላ ባለው መስመር የውስጡ ግፊት ከውጭው በእጅጉ ይበልጣልና እዚያ ላይ ቀዳዳ ካለ ዘይት ወደ ውጭ ይረጫል፤ መሬት ላይም ይንጠባጠባል። ከፓምፑ በፊት ባለው የመሳቢያ ቱቦ ግን ሞተሩ ሲሠራ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያነሰ ነው። እዚያ ላይ የላላ ማጥበቂያ ወይም የተሰነጠቀ ላስቲክ ካለ ዘይት አይወጣም፤ አየር ይገባል። ቀዳዳው ደረቅ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ እንኳ ስንጥቁ ጠባብ ከሆነ የሚያስወጣው ዘይት ከላብ አይበልጥም። ስለዚህ የጠብታ አለመኖር ቀዳዳው የለም ማለት ሳይሆን፣ ካለ ያለው በመሳቢያው ወገን ነው ማለት ነበር። ያው ማስረጃ ለወጣቱ ሠራተኛና ለእኔ ፓምፑን አስወነጀለ፤ ለጋሼ ግን ቱቦውን አመለከታቸው።

የከተማችን ከፍታም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ዘይትን ከመያዣው ወደ ፓምፑ የሚገፋው በዋነኛነት የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ 76 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወጥቶ እዚህ የደረሰ መኪና ፓምፑ የሚታመንበትን ግፊት ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ጥሎ መጥቷል ማለት ይቻላል። በወደብ አካባቢ የማያቃስት ያረጀ ፓምፕ ወይም በቆሻሻ የተጣበበ ማጣሪያ እዚህ ሊያቃስት የሚችልበት በቂ ምክንያት አለ።

ጋሼ ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉበት። ድምፁ ለቅጽበት ተለወጠ። ዘይቱ ስንጥቁን ለአፍታ ደፍኖት ነበርና። የቱቦው ጫፍ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማጥበቂያ ቀለበቱም ላልቷል። ፓምፑን የቀየረው ሠራተኛ ያንኑ አሮጌ ቱቦ መልሶ ገጥሞታል። አንድ ክንድ የማትሞላ ቱቦና አንድ ቀለበት ተቀየሩ። የተወረወረው ፓምፕ ምናልባት ጤነኛ ነበር።

ትዕግሥትም ቀመር አለው

ቀዳዳው ሲደፈን የገባው አየር በራሱ አይጠፋም፤ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚታይ አንድ ልማድ አለ፤ ነዳጅ ረግጦ ሞተሩን እያስጮሁ መሪውን ቶሎ ቶሎ ወዲያና ወዲህ ማዞር። አየሩ ተገፍቶ ይወጣል ከሚል እምነት ነው። ጋሼ ግን «ዘይቱን እናሳርፈው» ብለው ሻይ አዘዙ።

ማን ትክክል ነበር? አንባቢ እንዲፈርድ ስሌቱን ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1851 ጆርጅ ስቶክስ ባወጡት ቀመር መሠረት በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ያለች ትንሽ ሉል የምትሄድበት ፍጥነት ከሬዲየሷ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ለብ ባለ የመሪ ዘይት ውስጥ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አረፋ በሰከንድ 15 ሚሊሜትር ያህል ትወጣለች፤ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀትን በ3 ሰከንድ ገደማ ትጨርሳለች። 0.1 ሚሊሜትር የሆነችው ያንኑ መንገድ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ተኩል ያህል ትፈልጋለች። 0.03 ሚሊሜትር የሆነችው ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። ቁጥሮቹ ግምታዊ ቢሆኑም መልእክታቸው ግልጽ ነው። አረፋን በአሥር እጅ ማሳነስ የመውጫ ጊዜውን በመቶ እጅ ያረዝማል። ሞተሩን ማስጮህ አረፋውን እንደ መቁያ ይበጣጥሰዋል፤ ዘይቱንም ወተት ያስመስለዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የፊዚክስ ሕግ ነው።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳሳዩት ግፊት ሲጨምር በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ይጨምራል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይከፈት ጸጥ ብሎ ተከፍቶ ሲፈላ የምናየው ለዚህ ነው። ማዕድናዊ ዘይትም በተራ ግፊት ከይዘቱ በመቶ 9 ገደማ አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ ይህ አይጎዳውም። ነገር ግን በቀዳዳ የገባው ትርፍ አየር በከፍተኛው ግፊት መስመር ይሟሟና ወደ መያዣው ሲመለስ እንደ አምቦ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ስለዚህ አየሩ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ መሥራትና ማረፍን እያፈራረቁ መድገም ያስፈልጋል።

ሻዩን እየጠጣን ይህን ስሌት በካርቶን ቁራጭ ላይ ለጋሼ ሠራሁላቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ ዘይቱ ሞቅ ሲል ቶሎ የሚጠራው ለዚህ ነዋ?» አሉኝ። አዎን፣ ለዚህ ነው። ከ40 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ የዘይቱ ዝልግልግነት ወደ ሲሶ ይወርዳልና አረፋው ሦስት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ለዓመታት በልምድ የሚያውቁት ነገር ምክንያት ሲያገኝ የፊታቸውን መብራት አየሁ። የእኔም ፊት እንዲሁ ሳይሆን አልቀረም። በልምድ ያገኙትን እውቀት ቀመሩ አጸናላቸው፤ ቀመሬም በእሳቸው ልምድ ሥራ አገኘ።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥመው አንባቢ ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ድምፁን መለየት ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ ብቻ ስለታም ጩኸት የሚሰማ ከሆነ የላላ ቺንጋ ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ የሚሰማ ቀላል ፉጨት ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ሥራ በመሆኑ ጤነኛ ነው። በሁሉም ቦታ የሚሰማና ሞተሩን የሚከተል ማቃሰት ግን አየርን ያስጠረጥራል። ሁለተኛ፣ የዘይቱን መጠን ማየት ነው፤ ያነሰ እንደሆነ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል። ሦስተኛ፣ አረፋ መኖሩንና ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፍ ማለቱን ማስተዋል ነው። ድምፁ እያለ አረፋ ከሌለና ዘይቱም ካልጨመረ የታፈነ ማጣሪያ፣ የተጣጠፈ ቱቦ ወይም በእርግጥ ያረጀ ፓምፕ መጠርጠር ተገቢ ነው። አራተኛ፣ በመሳቢያው ወገን ያለውን ቱቦ፣ ማጥበቂያና የፓምፕ ዘንግ ጎሚኒ መመርመር ነው። ፓምፕ ስለመቀየር የሚታሰበው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አየሩን ለማስወጣት፣ የመኪናው መመሪያ የተለየ ሥርዓት ካላዘዘ በቀር፣ መያዣው በመመሪያው በተጠቀሰው የዘይት ዓይነት እስከ ምልክቱ ይሞላል። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል። የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነስተው መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ከጥግ ጥግ በዝግታ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይዞራል፤ ዘይቱ ሲጎድል ይሞላል። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳይረገጥ መሪው በዝግታ ይዞራል፤ ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዝም፤ ግፊቱና ሙቀቱ ፓምፑን ይጎዳሉና። ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ ያርፋል፤ ዘይቱ እስኪጠራና ሞተሩ ሲጠፋ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም ይህ ይደገማል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ እጅን፣ የሸሚዝ እጅጌንና ነጠላን ከቺንጋው ማራቅ ግዴታ ነው።

ታዲያ ትምህርታችን

ባልደረቦቼ ይህን ሳነሳ «ዩኒቨርሲቲ ጋራዥ አይደለም» ይሉኛል። እኔም ጋራዥ ይሁን አላልኩም። የፊዚክስ ተማሪ ፓምፕ እንዲፈታ አልጠይቅም። የምጠይቀው «አያፈስም፣ ስለዚህ ቀዳዳ የለውም» ሲባል «በየትኛው ወገን?» ብሎ መጠየቅ እንዲችል ነው። ይህ የእጅ ሙያ ጥያቄ አይደለም፤ የግፊትን ትርጉም መረዳትና አለመረዳት የሚለይበት ጥያቄ ነው። እኔ ያን ቀን የጎደለኝ ሕጉ አልነበረም፤ ሕጉን ከምልክቱ ጋር ማገናኘት ነበር። ይህንንም ማንም ፈትኖኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም ፈትኜ አላውቅም ነበር።

ሌሎች ደግሞ ዘመኑ አልፏል ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙ አዳዲስ መኪኖች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ ዘይት የላቸውም፤ አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስናለች። ነገር ግን ከዚያ በፊት የገቡት መኪኖች፣ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ቢሆኑ በአብዛኛው ፍሬናቸው በፈሳሽ ግፊት ይሠራል፤ በፍሬን መስመር የገባ አየር ደግሞ በመሪ መስመር ከገባው የከፋ ነው። ከሁሉም በላይ መሣሪያው ቢለወጥም ሳይመረምሩ መቀየር የሚባለው ልማድ አብሮ ካልተለወጠ ነገ በፓምፑ ፈንታ ባትሪ እንወረውራለን። ያለ ምክንያት የሚወረወር እያንዳንዱ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን ቀላልና ርካሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። የፓስካል ሕግ ሲማሩ ሁለት መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆችና አንድ ቀጭን ቱቦ ይዘጋጅ። መጀመሪያ በውኃ ብቻ ይሞላ፤ አንዱን ሲገፉት ሌላው በላዩ ላይ የተጫነውን መጽሐፍ ወዲያው ያነሳል። ቀጥሎ ሆን ተብሎ 2 ሚሊሊትር አየር ይግባበት። እጅ ይሄዳል፣ መጽሐፉ አይንቀሳቀስም፤ ቆይቶ ዘሎ ይነሳል። ተማሪዎች የእኔን አደባባይ በመዳፋቸው ይዘውታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ይውጣ፦ «ዘይቱ አረፋ ሆኗል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። ቀዳዳው ከፓምፑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ምክንያቱን አስረዱ።» በዓመት አንድ ጊዜም እንደ ጋሼ ያሉ ባለሙያዎች ወደ መማሪያ ክፍላችን ይጋበዙ፤ ተማሪዎችም ወደ እነርሱ ይሂዱ። በዩኒቨርሲቲና በሙያ ማሠልጠኛ መካከል ያቆምነው ግንብ ሁለቱንም ወገን አደህይቷል።

እናንተ ተማሪዎች ግን መምህራችሁን አትጠብቁ። ሁለቱን ሲሪንጆች ዛሬ ማግኘት ትችላላችሁ። በሰፈራችሁ ጋራዥ ካለ በትሕትና ቀርባችሁ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም መልሱን ከመጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ቢመስላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ከጋሼ ጋራዥ በወጣሁ ማግስት ልጄን ወደ መኪናዋ ጠርቼ የዘይት መያዣውን ከፍቼ አሳየኋት። ዘይቱ ጠርቶ ነበር። ባለፈው ጊዜ ላልመለስኩላት ጥያቄ መልሱን በሁለት ሲሪንጆች አስረዳኋት። አየር ያለበትን ደጋግማ ገፋችውና «እዚህ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ» አለችኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼን የፓስካል ሕግ የማስተምረው ከዚያ አረፋ ጀምሬ ነው።